ሳፋ የተደፋበት ዱካ

ኅዳር 13፣ የሚካኤል ማግስት

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። የማታ ትምህርቱን በሰኔ ጨርሻለሁ። መምህርት ጸደንያ ስታሰናብተን "ካልጻፋችሁበት ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል" ብላናለች። ጌታሰውን ጥሎ የሚሄድ ፊደል ገና አልተፈጠረም። ከክፍሉ ሁሉ የእኔ "ጨ" ነበረች የምታምረው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሌሎቹ ጮክ ብለው አልተናገሩትም እንጂ።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ሽንኩርት አለማለሁ። ሚስቴ ዘውድነሽ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ደብተሩን ብደብቀውም ታገኘዋለች፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ እያመሰገንኳት እጽፋለሁ። ዘውድነሽ ጎበዝ ናት።

የዛሬው ነገር እንዲህ ነው። ትናንት ማታ የውሃ ተራው የጎረቤቴ የሀሩን ነበር። እሱ እንቅልፍ ሲጥለው አንድ ሰው መጥቶ የማሳውን ቦይ አፍ በጭቃ ደፍኖ ውሃውን ወደ ታች ለቆበታል። ጠዋት የሀሩን ትልም ደርቆ፣ ከታች ያለነው የሁላችንም ረስርሶ ተገኘ። ስለዚህ በእርጥበቱ ማንም አይለይም። ሌባው የተወው ሁለት ዱካ ብቻ ነው፤ ጎን ለጎን፣ ከቦዩ አፍ ዳር። የአካፋ ድምፅ እንዳይሰማበት ቁጢጥ ብሎ በእጁ ነው የደፈነው።

ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ዱካውን አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እኔን አየ።

የሌላ ሰው እግር መሃሉ ጎድጎድ ስለሚል ጭቃውን አይነካም። ይሄኛው ግን ከጣት እስከ ተረከዝ ልሙጥ ነው፤ እንደ ጡብ። በዚህ ቦይ ላይ እንዲህ ያለ እግር ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስንት ዓመት ሙሉ የነገርኳቸው እኔ ነኛ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት "እናንተ በአውራ ጣት ትፈርማላችሁ፣ እኔ ደግሞ ማኅተም አለኝ" እያልኩ ጭቃ ላይ እቆምላቸው ነበር።

ሀሩን የሚስቱን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አምጥቶ ዱካው ላይ ደፋበት። ድንጋይም ጫነበት። "ጋሽ በላይ እስኪያዩት ድረስ ማንም አይነካውም፣ ወላሂ!" አለ። ጋሽ በላይ የውሃ አባታችን ናቸው፤ ተራ የሚሰጡትም የሚነሱትም እሳቸው ናቸው።

"ሀሩን፣ ሳፋውን ስታነሳ እግሬን ሰላም በልልኝ" አልኩት።

አልሳቀም። ሀሩን በእኔ ቀልድ አለመሳቁ ነው ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ኅዳር 15

ጋሽ በላይ አሊዩ አምባ ለቅሶ ሄደዋል። አውጫጩ ሲመለሱ ነው አሉ። ውሃ የምንካፈል ሁሉ ከሀሩን ቦይ አፍ አጠገብ ባለው ማንጎ ሥር ተሰብስበን ሌባው ካልወጣ አንበተንም። ሌባ የተባለ ሰው እስከ ዐቢይ ጾም ተራውን ያጣል። የእኔ ሽንኩርት ራስ ሊይዝ ነው። እስከ ዐቢይ ጾም ውሃ ካላገኘ ለፍየል ነው የሚሆነው።

እኔ አልሰረቅኩም። ለማን ብዬ እንደምጽፈው ግን አላውቅም፤ ደብተሩ አልጠረጠረኝም።

ኅዳር 18

ተረከዜ ታመመ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ይመስለኛል። ትንሽ ስሄድ ይተወኛል፤ ማታ ደግሞ ባቴ ድንጋይ ይሆናል።

"ሆስፒታል ሂድ" አለች ዘውድነሽ።

"የዚህ ቤት እግር ሐኪም አይቶት አያውቅም።"

"እሱማ ያስታውቃል።"

ከሰዓት ወንድሜ ጋሼ አለባቸው መጣ። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሮቢ ሲሞላ በትከሻው ነበር የሚያሻግረኝ። የሰንበቴ ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ነው፤ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ። ማሳው ከቦዩ ጭራ ነው። እዚያ ውሃው ሲደርስ ሽታው ብቻ ነው የሚደርሰው።

ዛሬ ቦቲ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው። በዚህ ሙቀት! ውሃ ስናጠጣ ሁላችንም ጫማችንን ከቦዩ ዳር ጥለን ነው የምንገባው፤ ጋሼማ ጫማ ያለውም አይመስለኝም ነበር።

"ጋሼ፣ ኮንትራክተር ሆንክ እንዴ?"

"እሾህ ወግቶኝ ነው" አለ።

ጠላ ቀረበለት፤ አልጠጣም። ስለ ዱካው ምንም አልጠየቀኝም። መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ ጋሼ ግን ስለ በቆሎ ዋጋ አውርቶ ሄደ።

ኅዳር 24

ሆስፒታል ሄድኩ። ለተረከዜ ብዬ ነው፤ ለዘውድነሽ ብዬ አይደለም።

ከክፍል ወደ ክፍል ሲልኩኝ ውለው መጨረሻ ላይ ሐያት የምትባል ልጅ ዘንድ ደረስኩ። ከጅማ ተመድባ ነው የመጣችው። ዶክተር ስላት "ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" አለችኝ። ፊዚዮቴራፒስት። ይህችን ቃል ሳይሳሳት የሚጽፍ ገበሬ ካለ ይምጣ።

እግሬን በውሃ አርሳ ሲሚንቶው ላይ አቆመችኝ። ከዚያ ገለል አደረገችኝ። ያው ማኅተሜ ነው፤ ሙሉ። "አየሽ? ይሄ እግር ምድርን ሳያስቀር ነው የሚረግጠው" አልኳት።

"እስቲ በጣትህ ጫፍ ቁም" አለች።

ቆምኩ።

"አሁን ወደ ታች ተመልከት።"

ተመለከትኩ። ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እግሬ ሥር ድልድይ ተሠርቶ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ የለም ያልኩት፣ የሌሎቹ እግር ላይ ብቻ ያየሁት ጎድጓዳ፣ እኔው ጋ ቁጭ ብሏል። ተረከዜን ሳወርደው ድልድዩ ይሰምጣል፤ ሳነሳው ይወጣል። አወረድኩ፣ አነሳሁ። ሰውየው ጨዋታ ጀመረ ብላ ይሆናል፤ እኔ ግን አፌ ክፍት ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን እግሬ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ነገር!

"ታዲያ ስቆም ማን ነው የሚያፈርሰው?" አልኳት።

ግድግዳ ፊት አቁማ አንዱን እግሬን ወደፊት አስቀድማ "ተረከዝህን ሳታነሳ ጉልበትህን ግድግዳው ላይ አስነካ" አለች። ሞከርኩ።

"ተረከዝህን አታንሳ አልኩህ እኮ።"

"እኔ አላነሳሁትም፣ ራሱ ነው የተነሳው።"

ሳቀች። ከዚያ ባቴን በሁለት እጇ ይዛ ጨመቀችው፤ የሰማይ ኮከብ በቀን አየሁ። "ያነሳው ይሄ ነው" አለች። ባቴ አጥሯል አለች። ከባቱ የሚወርደው ጅማት ተረከዜን ወደ ላይ ይጎትታል። እኔ ደግሞ ስራመድ ወደፊት መሄዴ አይቀርም። ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ሲለው እግሬ ሌላ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ድልድዩ የሚሰምጠው ለዚያ ነው። እየሰመጠ በሄደ ቁጥር ባቱ የሚዘረጋበት አጋጣሚ ያጣል፤ የባሰ ያጥራል። የትኛው እንደቀደመ ሁልጊዜ አይታወቅም አለች። ጠፍጣፋ እግር ያለው ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ ባቱ ልል የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን ሳያመው ይኖራል።

እኔ የቦይ ሰው ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ። የቦዩ ዳር ታች ሲደረመስ እኛ ታች አንቆፍርም፤ ላይ ወጥተን ውሃውን ማን እንደያዘው ነው የምናየው። እግሬን ስሰድበውም ሳሞግሰውም የኖርኩት በማይመለከተው ነገር ነው። ነገሩ ያለው ላይ ነው፣ ባቴ ላይ።

"አሁን ቁጢጥ በል" አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍ። እኔ ቁጢጥ አልልም። ሰው ሁሉ ቦይ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲያወራ እኔ ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው። ድንጋዩን "ዙፋኔ" ነው የምለው። "ጌታሰው ቁጢጥ አይልም፣ ቁጢጥ ይባልለታል እንጂ" እላለሁ፤ ይስቃሉ። ኩራት ይመስላቸዋል። የማይሆንልኝ መሆኑን የሚያውቁት ዘውድነሽና ጋሼ አለባቸው ብቻ ናቸው።

በጣቴ ቆሜ ዝቅ አልኩ። ተረከዜን ሳወርድ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ። ሐያት አነሳችኝ።

ስወጣ መንገድ ላይ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ሳፋው ሥር ያለው ዱካ ሌባው ቁጢጥ ብሎ የተወው ነው። ተረከዙ ከሁሉ ይልቅ ጠልቋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ቁጢጥ ብዬ ተረከዜን መሬት ማስነካት አልችልም! ነጻ ነኝ! አውጫጩ ላይ አንዴ ልውደቅላቸው፣ በቃ! ከሆስፒታሉ በር እስከ አስፋልቱ እየሳቅኩ መጣሁ። ባጃጅ ነጂው "አባባ፣ ሎተሪ ደረሰህ?" አለኝ።

አስፋልቱን ስሻገር ሳቄ ቆመ።

ሙሉ እግር። ተረከዙ መሬት የሚደርስ።

ለዛሬ ይብቃኝ።

ኅዳር 27

ገበያ ወጣሁ። ጨው ልገዛ ነበር፤ ባት ሳይ ዋልኩ። ወፍራም ባት፣ ቀጭን ባት፣ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ያለ ባት። አንዲት ሴትዮ "ምን ታያለህ አንተ?" ብላ ልትማታኝ ነበር። "እትዬ፣ ሕክምና ነው" አልኳት። ጭራሽ ተናደደች።

አህያ ቆማ አየሁ። የኋላ እግሯ ላይ ጉልበት የሚመስለኝ የነበረው ለካ ተረከዟ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ በጣቷ ጫፍ ጭነት ተሸክማ ትሄዳለች፤ ማንም አላጨበጨበላትም። የአፋሮቹ ግመሎች ደግሞ አለፉ። ግመል እግሩን ሲያሳርፍ እንደ ሊጥ ይዘረጋል፤ አሸዋው እንኳ አይከፋውም። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ዛሬ ገና አየኋቸው። ፊደል የቆጠርኩ ሰሞን የሱቅ ታፔላ ሁሉ ያናግረኝ እንደነበረው፣ አሁን ደግሞ እግር ሁሉ ያናግረኛል።

ታኅሣሥ 3

ግድግዳ እገፋለሁ። ሐያት እንዳዘዘችው። የኋላው እግር ቀጥ፣ ተረከዝ መሬት፣ የእግሩ መሃል እንዳይሰምጥ። ከዚያ ጉልበት እጥፍ አድርጎ ደግሞ። "ቀስ ብለህ ቁጠር" ብላኝ ነበር፤ እኔ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ስነግራት "ቁጠር አልኩህ፣ አንተ ጸልይ፤ ዋናው አትቸኩል" አለች።

ዘውድነሽ፦ "ቤቱን ልታፈርሰው ነው ወይስ ልትሳለመው?"

ያማል። ደስ ብሎም ያማል።

ታኅሣሥ 8

ሐያት ዘንድ። አንድ ነገር ጠየቅኳት። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ሙሉ እግር ቢወርሱ፣ አንዱ ቁጢጥ ማለት ቢያቅተው፣ ሌላው ደግሞ ቁጢጥ ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ ሽንኩርት ማረም ቢችል፣ ይሆናል ወይ?

"በደንብ ይሆናል። የሁለተኛው ባት ልል ነው ማለት ነው። ለምን? ወንድም አለህ?"

"እንዲሁ ነው" አልኩ።

ስንት ነገር የማወራ ሰው፣ ዛሬ ሁለት ቃል ብቻ መለስኩ።

ታኅሣሥ 20፣ የገብርኤል ማግስት

ጋሽ በላይ ተመለሱ፤ ግን ወባ ጥሏቸዋል። አውጫጩ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። የሀሩን ሚስት መንደሩን እያወከች ነው። "ወይ ሌባውን አምጣ፣ ወይ ሳፋዬን አምጣ! ልብስ በምን ልጠብ?" ትለዋለች። ሀሩን ንቅንቅ አላለም። ውሃ እንዳይነካው ዙሪያውን አፈር ከምሮበታል።

ጀውሃ ከተማ ከሽንኩርት ጫኞች ጋር ምሳ ስበላ ከጀርባዬ አንዱ ሲናገር ሰማሁ፦ "ያ የማታ ተማሪው ነው። ፊደል ቆጠረ፣ ከዚያ የሰው ውሃ ቆጠረ።" ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነው። እኔ ብናገረው ኖሮ የበለጠ ያምር ነበር።

ዳቦዬን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ሙሴው ጋሼ አለባቸው ዘንድሮ አልገባም። ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ቦቲውን እንዳደረገ ከቅጥሩ በር ቆሞ አደረ። ብርድ ነበር። ዘውድነሽ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እሾህ ወግቶት ነው" አልኳት።

"አንድ ወር ሙሉ?"

"የቆላ እሾህ ነዋ።"

ስንመለስ በጋሼ ማሳ በኩል ነው ያለፍነው። ከቦዩ ራቅ ያለው መደብ ቢጫ ነው። ቅርቡ ግን የኅዳሩን ውሃ ጠጥቶ አገግሟል። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ነካሁት። የእኛም ያው ውሃ ነው የጠጣው፤ እኔም ከዚያ ውሃ ተጠቅሜያለሁ። ይህን ለሀሩን አልነገርኩትም።

ጥር 4

ሀሩን ቦይ ላይ አገኘኝ።

"ጌታሰው፣ እኔና አንተ ስንት ዘመን ከአንድ ቦይ ጠጣን። ሰርቄያለሁ በለኝ፤ ለጋሽ በላይ እኔ እማልድልሃለሁ።"

"አልሰረቅኩም።"

"ታዲያ ማን ነው? እግርህን ውሻ ይዞት ሄደ?"

መልስ ነበረኝ። ሁለት መልስ ነበረኝ። አንዱ ያስቅ ነበር፤ አንዱ አያስቅም። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦቱን ወደ ሮቢ ሸኝተን ተመለስን። ዘውድነሽ ከሴቶቹ ጋር ቀርታለች። ግድግዳዬን ገፋሁ። ከዚያ ዝም ብዬ የአልጋውን እግር በአንድ እጄ ያዝኩና ዝቅ አልኩ። ዝቅ። ዝቅ። ባቴ እንደ ገመድ ተወጠረ፣ ከዚያ እንደሚለቅ ሰው ትንሽ ተነፈሰ። ተረከዜ አንድ ነገር ነካ። መጀመሪያ ዕቃ የረገጥኩ መስሎኝ አየሁ። መሬቱ ነው።

አልጋውን ለቀቅኩት። አልወደቅኩም።

እዚያው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከዚያ ከፍታ አይቼው አላውቅም። ከአልጋው ሥር ያለውን፣ የበሩን የታችኛውን ስንጥቅ፣ በስንጥቁ የሚገባውን የጀንበር ብርሃን። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ውሃ ሲጠብቅ ትዝ አለኝ። እኔ ቆሜ አናቱን ነበር የማየው። ለካ እሱ ያየው የነበረው ሌላ አገር ነው። አንድ ቁራጭ ሥጋ ባቴ ውስጥ እጁን ስለዘረጋልኝ መሬት ወደ እኔ መጣች። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይደረጋል? አለቀስኩ። ጢሱ ነው ልል ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እሳት አልነበረም።

ዘውድነሽ ገብታ አየችኝ። ደስ ይላታል ብዬ "እዪኝ! ተረከዜ!" አልኳት።

ነጠላዋን ጣለችው። "አሁን ነው የምትድነው? ሌላ ቀን አጥተህ? አንተ ሰውዬ፣ አውጫጩ እኮ አራት ቀን ነው የቀረው!"

ጥር 12

ለማንም አልነገርኩም። እኔ! ዓለምን ያስደነቀ ነገር ሠርቼ ለማንም አልነገርኩም። ዘውድነሽ መከረችኝ፦ "እዚያ እንደ ድሮህ ትወድቃለህ፣ አለቀ። ሐሰት አይደለም። በኅዳር ብትጠየቅ ትወድቅ አልነበር?" እውነቷን ነው። ሐያትም ትመሰክርልኛለች፤ ስመጣ ያየችኝ እሷ ናት።

እወድቃለሁ። መውደቅ ደግሞ አውቅበታለሁ።

ጥር 14

ማታ ነው። ሁሉንም እጽፋለሁ።

ማንጎው ሥር ሁሉም መጣ። ጋሽ በላይ ከወባው ገና ስላላገገሙ ጋቢ ለብሰው ተቀመጡ። ሀሩን ሳፋውን አነሳ። ዱካው እንደነበረ ነው፤ ጭቃው ደርቆ ሸክላ መስሏል። የሀሩን ሚስት ሳፋዋን ነጥቃ ሄደች። እሷ ብቻ ናት የሳቀችው።

"ጌታሰው፣ ይህ እግር የማን ነው?" አሉ ጋሽ በላይ።

"የእኔን ይመስላል፣ ጋሽ በላይ።"

"ያንተ ነው?"

ዘውድነሽ ከሴቶቹ መሃል ጮኸች፦ "እሱ ቁጢጥ ማለት አይችልም! ተረከዙ መሬት አይደርስም! ያስፈትኑት!"

ማጉረምረም ሆነ። አንዱ "ኩራት ነው እንጂ" አለ። ሌላው "እውነቷን ነው፣ ሁሌ ድንጋይ ላይ ነው" አለ። ጋሽ በላይ እጃቸውን አነሱ። "እንግዲህ ቁጢጥ በልና እንይህ። ከወደቅክ ያንተ አይደለም።"

ያኔ ሀሩን ራሱን እየነቀነቀ እንዲህ አለ፦ "የእሱ ካልሆነ እንግዲህ የዚያው ቤት ነው። አባታቸው ነበሩ እንዲህ ያለ እግር የነበራቸው። ከእሱ ሌላ የቀረው..." ቃሉን ሳይጨርስ ዓይኑ ሰው መፈለግ ጀመረ።

እኔም ቀና አልኩ። ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከማንጎው ግንድ አጠገብ፣ ሁለት ቦቲ ጫማ። ፊቱን አላየሁም፤ ወደ ወንዙ ዞሯል። ትከሻውን ነው ያየሁት። ያንን ትከሻ አውቀዋለሁ። ሮቢ ሲሞላ ከላዩ ሆኜ ውሃውን አይ ነበር፤ ውሃው እስከ ደረቱ እየመጣ እኔን አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላረጠበኝም።

በረባሶዬን አወለቅኩ። ዱካው አጠገብ ቆምኩ። ዝቅ አልኩ።

መውደቅ ነበረብኝ። ተለማምጄዋለሁ። ባቴ ግን ለቀቀልኝ፤ እኔም ለቀቅኩለት። ሁለቱም ተረከዜ መሬት ደረሰ።

ከዚያ ከፍታ ቦዩን አየሁት፤ ውሃው ከላይ እስከ ጭራው ድረስ አንድ መስመር ሆኖ ያበራል፤ ጭራው ላይ ያልቃል። ሁላችንም ቆመን ስለምንሄድ ነው ለካ የሚያልቅበትን የማናየው።

"እችላለሁ" አልኩ። "በጣም ነው የምችለው። በዚህ አገር እንደ እኔ ቁጢጥ የሚል የለም።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ በላይ እስከ ዐቢይ ጾም ተራዬን ነሱኝ። ሀሩን መሬቱን አየ። ዘውድነሽ ወደ ቤት ስንሄድ አስር እርምጃ ቀድማኝ ነበር የምትሄደው፤ በር ላይ ስንደርስ ዞረች።

"ለማን ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ" አለች። "ሽንኩርቱ ግን አያውቅም።"

ጥር 17

ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል።

ጥር 19

ዛሬም። ተራው የሀሩን ነበር፤ ውሃው በማሳዬ አጠገብ ሲያልፍ ድምፁን ሰማሁ። ግድግዳ አልገፋሁም። ከዚያ ገፋሁ። ባቴ ምን አጠፋ?

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ከቅዳሴ በፊት ከቅጥሩ በር ቆሜ ነበር። ጋሼ አለባቸው መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ሰው ሁሉ እያለፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቦቲ ሳበ፤ ሌላውንም ሳበ። እግሩ ነጭ ሆኗል፣ ቆዳው ተጨማድዷል፤ ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ያላየ እግር። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ገባ። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ዱካ ሀሩን አላየውም፤ ሀሩን በመስጊዱ በኩል ነው። ሌላው ግን ሁሉ አየ።

ሲወጣ ቦቲዎቹን አላደረጋቸውም። አንጠልጥሎ በትከሻው አነገታቸው። በባዶ እግሩ በሕዝቡ መሃል፣ በአስፋልቱ ጠርዝ፣ በቦዩ ዳር ሄደ። እኛም ተከተልነው፤ ማን እንደጠራን አላውቅም። ማንጎው ጋ ሲደርስ ጋሽ በላይ ቤት ሰው ላከ፤ ሀሩንም ተጠራ።

የደረቀው ዱካ ላይ ቆመ። ቁጢጥ አለ። እንደ ክዳንና እንደ ድስት ገጠመ።

"ሦስት ተራ ሙሉ ጭራ ላይ ውሃ አልደረሰኝም" አለ። ቀልድ የማያውቅ ሰው፣ ቃሉን እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚሰብረው። "ለጋሽ በላይ መናገር ነበረብኝ። ሙሴ ነኝና አፈርኩ። ሀሩን፣ ውሃህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ቁጢጥ ማለት የማይችለው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ ስንት ጊዜ ሲወድቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ለእኔ ብሎ እንዴት እንደቻለ እግዜር ይወቅ።"

"ፊዚዮቴራፒ ነው ጋሼ" አልኩት ከኋላ።

መጀመሪያ ሀሩን በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጋሽ በላይ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ጋሼ አልሳቀም፤ እኔን ፈልጎ አየኝና ቁጢጥ እንዳለ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ።

ጥር 23

ተራዬ ተመለሰልኝ። የጋሼ ተነሳ፤ ፍርድ ፍርድ ነው። ጋሽ በላይ ግን ከመጪው ዙር ጀምሮ ውሃው ከጭራው ይጀምር ብለዋል፤ ትናንት ከጎኔ አስቀምጬ ጭራውን ቁጢጥ ብለው እንዲያዩት ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። (ዘውድነሽ ይህን ስታነብ "ወባው ነው ያስቀመጣቸው" ትላለች። ዘውድነሽ ጎበዝ ናት።)

ዛሬ ጠዋት ውሃው መጣ። ቦዩን ልከፍት ስወርድ ጋሼ ቀድሞኝ ደርሷል፤ በባዶ እግሩ። "ተራው ያንተ ነው፤ ጉልበቱ ግን የእኔ ይሁን" አለ።

"እንግዲያው ግማሹ መደብ ያንተ ነው፤ እንካፈላለን" አልኩት።

"አይፈቀድም።"

"ከመከሩ ነው የምንካፈለው እንጂ ከውሃው አይደለም። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ሕጉን አውቃለሁ።"

አፉ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው ብዬ ልጻፈው።

አካፋ አላነሳንም። ሁለታችንም ቁጢጥ ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጭቃውን በእጃችን ከፈትነው። ውሃው በጣቶቻችን መሃል አልፎ ትልሙን ተከትሎ ሄደ፤ ሽንኩርቱ ሥር ሲደርስ ያ ድምፅ፣ አፈሩ ሲጠጣ የሚያሰማው፣ ተሰማ። ጋሼ ውሃውን እያየ ድንገት እጁን ባቴ ላይ አሳረፈ፤ ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ጫን ጫን አደረገው።

"ለስልሷል" አለ።

ስንነሳ ጭቃው ላይ አራት ሙሉ እግር ቀረ፤ አራቱም ተረከዝ እኩል ጠልቆ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። የትኛው የእኔ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ውሃው ቀስ እያለ መጥቶ አንድ በአንድ ሞላቸው።